ድመቷ ትሙት ወይስ ትትረፍ? ጨለም ያለ ቀልድ ለልጆች ስለመጻፍ

ጥያቄው ባጭሩ እንዲህ ይላል።

«ከ8 እስከ 10 ዓመት ለሆኑ ልጆች ሥዕል ያለው የምዕራፍ መጽሐፍ እየጻፍኩ ነው። ጀግናዬ ወላጆቿን ያጣች የ9 ዓመት ልጅ ናት። የምታሳድጋት አክስቷ የሬሳ ሣጥን ትሠራለች። የልጅቷ ልደት በመጣ ቁጥር አክስትየዋ ሜትር ይዛ ቁመቷን ትለካታለች። ሳነብላቸው ልጆች ይስቃሉ። ምዕራፍ 7 ላይ ግን የልጅቷ ድመት ሙጫ በርሜል ውስጥ ገብታ ትሞታለች። እዚያ ስደርስ አንዷ ልጅ አለቀሰች፤ ሌሎቹም ጸጥ አሉ። ዘመዶቼ ‹ይሄ ለልጅ አይሆንም› ይሉኛል። ሠዓሊው ደግሞ የሞተችውን ድመት ሙሉ ገጽ ላይ ስሎ ልኮልኛል። ድመቷን ላትርፋት? ሞትን ጨርሼ ላውጣው? ድንበሩ የቱ ጋ ነው?»

እህቴ፣ አንቺ እያልኩ ብጽፍልሽ ቅር አይበልሽ። የልጆች መጽሐፍ በማረም ብዙ ዓመት አሳልፌአለሁ። በደራሲና በሠዓሊ መካከል ተቀምጬ ከተከራከርኩባቸው ነገሮች ውስጥ ይህን ያህል የተመላለሰብኝ የለም። የላክሻቸውን ምዕራፎች በደስታ ነው ያነበብኩት። በልደት ቀን ስጦታ ሳይሆን ሜትር ይዛ የምትመጣ አክስት! ይህን ሐሳብ ማንም ምንም ቢል እንዳትተዪው።

መልሴን ከፊት ላስቀምጠው። ድመቷ መሞት ትችላለች። የሠዓሊው ሥዕል ግን መውጣት አለበት።

ልጆቹን ጸጥ ያሰኛቸው የድመቷ ሞት ብቻ አይመስለኝም። ጽሑፍሽም ሥዕሉም ስለ አንድ ነገር፣ በአንድ ጊዜ፣ በእኩል ድምፅ ጮኹባቸው። በዚህ ዓይነት መጽሐፍ ላይ አጥብቄ የምይዘው አንድ ሕግ አለኝ። ጽሑፉ ሲጨልም ሥዕሉ ይብራ። ሥዕሉ ሲጨልም ጽሑፉ ቀለል ይበል። ሁለቱ አብረው ከጨለሙ ልጁ የሚጨብጠው ያጣል።

ይህን ሕግ ከራሴ አላመጣሁትም። ከድሮዎቹ ነው የተማርኩት። ሃይንሪኽ ሆፍማን የፍራንክፈርት ሐኪም ነበር። በ1844 (ዓመቶቹን ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ነው የምጽፈው) ለ3 ዓመት ልጁ የገና ስጦታ የሚሆን መጽሐፍ ፍለጋ ወጣ። ደስ የሚለው አጣ። ባዶ ደብተር ገዝቶ ተመለሰና ራሱ ጻፈ፣ ራሱ ሳለ። በ1845 ታተመ፤ በኋላ «ሽትሩቬልፔተር» በሚል ስም ዓለም አወቀው። የምዕራፍ መጽሐፍ አይደለም፤ በግጥም የተጻፉ አጫጭር ታሪኮች ናቸው። ለኛ ጥያቄ ግን ከዚህ የተሻለ ማስተማሪያ አላገኘሁም።

ከውስጡ ሁለት ታሪኮችን ጎን ለጎን አስቀምጠሽ እያቸው። አንዱ በክብሪት ስለምትጫወት ልጅ ነው። ተቃጥላ አመድ ትሆናለች። ሆፍማን እሳቱን አልደበቀም፤ ስሎታል። የመጨረሻው ሥዕል ላይ ግን የቀረው ትንሽ አመድና ጫማዎቿ ናቸው። አጠገቡ ሁለት ድመቶች ተቀምጠው ያለቅሳሉ። እንባቸው ጅረት ሆኖ ይፈሳል። ልጅ እዚያ ሲደርስ ዓይኑ ወደ ድመቶቹ ይሄዳል። ያዝናልም፣ ይስቃልም።

ሌላው ታሪክ አውራ ጣቱን ስለሚጠባ ልጅ ነው። አንድ ልብስ ሰፊ ትልቅ መቀስ ይዞ ዘሎ ይገባና ጣቶቹን ይቆርጣቸዋል። ጽሑፉ መቆረጡን ይናገራል። ሥዕሉም መቀሱንና የሚንጠባጠበውን ደም ያሳያል። ዓይን ዞር ብሎ የሚያርፍበት ድመት የለም። ስለዚህ መጽሐፍ አስፈሪነት ሲወራ ብዙ ጊዜ የሚነሳው ይኼው የመቀሱ ታሪክ ነው። በጉዳቱ ከለካነው ግን የክብሪቱ ይብሳል። እዚያ ልጅ ሞታለች፤ እዚህ የተቆረጠው ጣት ነው። ልጅን የሚያስፈራው የጉዳቱ ትልቅነት ቢሆን ኖሮ ነገሩ የተገላቢጦሽ በሆነ ነበር።

አሜሪካዊው ደራሲና ሠዓሊ ኤድዋርድ ጎሪ በ1963 ባወጣት ትንሽ የፊደል መጽሐፍ ላይ 26 ልጆች በ26ቱ የእንግሊዝኛ ፊደላት ተራ ይሞታሉ። አንድ ፊደል፣ አንድ ልጅ፣ አንድ አሟሟት። መጽሐፏን አዘውትረው የሚያነቧት ትልልቅ ሰዎች ናቸው፤ ዘዴዋ ግን ላንቺም ይሠራል። ብዙዎቹ ሥዕሎች የሚይዙት ከአደጋው በፊት ያለችውን ቅጽበት ነው። ጽሑፉ የሆነውን ይናገራል፤ ሥዕሉ ገና ያልሆነውን ያሳያል። በሁለቱ መካከል ያለውን ክፍተት አንባቢው ራሱ ይሞላል። መሙላት የሚችለውን ያህል ብቻ ነው የሚሞላው። ትልቅ ልጅ ብዙ ያያል፣ ትንሽ ልጅ ጥቂት። ክፍተቱ ለእያንዳንዱ ልጅ በልኩ ይሰፋል፣ በልኩ ይጠባል። ሠዓሊሽ የሞተችውን ድመት ሙሉ ገጽ ላይ ሲስላት ግን ለሁሉም አንድ ዓይነት ሞት ሰጣቸው።

እስቲ ምዕራፍ 7ን አብረን እንየው። ጽሑፍሽ እንዳለ ይቆይ። «ድመቷ በርሜሉ ውስጥ ገባች። አልወጣችም።» ጥሩ ነው፤ አጭር ነው፤ እውነቱን አይሸሽም። ሥዕሉ በርሜሉን ከውጭ ብቻ ያሳየን። ወለሉ ላይ ወደ በርሜሉ የሚሄዱ የድመት ዱካዎች አሉ። የሚመለስ ዱካ የለም። በርሜሉ ላይ የአክስትየዋ ጽሑፍ ተለጥፏል፦ «አንደኛ ደረጃ ሙጫ፤ የያዘውን አይለቅም»። ልጁ መጀመሪያ ጽሑፉን ያነባል። ቀጥሎ ዱካዎቹን ይቆጥራል። ከዚያ ይገባዋል። በገዛ ዓይኑ ስለደረሰበት ሐዘኑን የሚሸከምበት አቅም ይኖረዋል።

ከዚያ በኋላ ግን ቀልዱን ለሁለት ገጽ አቁሚው። ይህን አደራ እልሻለሁ። ድመቷ የልጅቷ ብቸኛ ጓደኛ ናት፤ ምንም አላጠፋችም። በዚህ ዓይነት መጽሐፍ ከሚሞቱት ሁሉ የምትከብደው እንዲህ ያለችዋ ናት። ክፉው ጎረቤት መጋዝ ላይ ቢወድቅ ልጆች ጉልበታቸውን ይዘው ይስቃሉ። ገና የተዋወቁት እንግዳ ደረጃ ላይ ቢንከባለልም እንደዚያው። የሚወዱት እንስሳ ሲሞት ወዲያው አስቂኝ ነገር ከተከተለ ግን ደራሲዋ እንዳፌዘችባቸው ይቆጥሩታል። ዝም ያሉት ልጆች ይህን የጠበቁ ይመስለኛል። ቀጥሎ ምን ልትዪ እንደሆነ ለማየት ነው ጸጥ ያሉት። ያለቀሰችውም ልጅ ድመቷን ስለወደደቻት ነው ያለቀሰችው። ያ ያንቺ ሥራ ውጤት ነው፤ አትደንግጪ።

እዚህ ላይ አንድ ሐሳብ ልስጥሽ፤ ካልወደድሽው ተዪው። አክስትየዋ ሁሉንም ሰው በዓይኗ ስትለካ የምትውል ሴት ናት። ድመቷንም ትለካት። ሌሊቱን ቁጭ ብላ የክንድ ያህል ሣጥን ትሥራላት። በሕይወቷ ከሠራቻቸው ሁሉ የሚያምረው ያ ይሁን። ልጅቷ ጠዋት ተነስታ ጠረጴዛው ላይ ታገኘዋለች። ማንም ምንም አይናገርም። ሥዕሉ ሣጥኑን ብቻ ያሳየን፤ ክዳኑ ላይ የተቀረጸች ትንሽ ዓሣ ትኑርበት። ይህ ከሆነ አክስትየዋን ከዚያ በኋላ እንደ በፊቱ ጥርት አድርጎ መጥላት አይቻልም። የታሪኩ ግማሽ የሚጀምረውም እዚያ ላይ ነው።

ሞትን ጨርሼ ላውጣው ወይ ላልሽው፣ አታውጪው። ልጆች ስለ ሞት ቀስ በቀስ የሚረዷቸው ነገሮች አሉ። የሞተ አይመለስም። የሞተ አካል ሥራውን ያቆማል፤ አይርበውም፣ አይበርደውም። ሞት ለሁሉም ይደርሳል። አብዛኞቹ ልጆች እነዚህን ከ5 እስከ 7 ዓመት ባለው ጊዜ ይጨብጧቸዋል። ያንቺ አንባቢ 8 ዓመቱ ነው። ያውቃል። የሚያውቀውን ነገር ትልልቆች ሲደብቁት ነው ግራ የሚገባው። አንድ ጊዜ የአንዲት ደራሲ አሳታሚ በዚሁ ፍርሃት «ሞተ» የሚለውን ሁሉ «አንቀላፋ» ወደሚል አስቀየራት። ሳነብላቸው የልጆቹ ጥያቄ «መቼ ነው የሚነሳው?» ሆነ። አንድ ልጅ ደግሞ የዚያን ቀን ማታ መተኛት እንደፈራ እናቱ ነገረችኝ። የተሸፋፈነው ቃል ከግልጹ ቃል ይልቅ ጎዳው። «ሞተች» በዪ። ሦስት ፊደል ነው፤ ልጆች ይችሉታል።

ወደ ሥዕሉ ልመለስ፤ ገና አልጨረስኩም። የምዕራፍ መጽሐፍ ማለት ልጅ ከትልቅ ሰው ጭን ወርዶ ብቻውን የሚያነበው የመጀመሪያ መጽሐፍ ነው። ምዕራፎቹ አጫጭር ናቸው፤ በየጥቂት ገጹ ሥዕል አለ። ስታነቢላቸው ድምፅሽ፣ ፊትሽ፣ ቅንድብሽ «ይሄ ቀልድ ነው» ይላቸው ነበር። ብቻቸውን ሲያነቡ አንቺ የለሽም። ልጆች ምጸትን መረዳት የሚጀምሩት 6 ዓመት አካባቢ ነው። በ9 እና በ10 ዓመታቸውም ገና እየተለማመዱት ነው። ተራኪሽ «አክስትየዋ እጅግ ደግ ሴት ነበረች» ሲል ልጁ ቃል በቃል ሊያምነው ይችላል። በዚያች ሰዓት የሚያግዘው ሥዕሉ ብቻ ነው። ሥዕሉ ላይ አክስትየዋ ለልጅቷ ሳንድዊች ስታቀብል ሌላው እጇ ከኋላ ሜትሩን እየዘረጋ ከሆነ ልጁ ወዲያው ይነቃል። «አሃ!» ይላል። ስለዚህ ሥዕሉን እንደ ማስጌጫ አትዪው። የድምፅሽ ምትክ ነው።

የሠዓሊሽን እጅ በተመለከተም የምለው አለኝ። ችሎታው ግሩም ነው። የድመቷን ፀጉር አንድ በአንድ ስሎታል፤ ጥላው፣ ብርሃኑ ሁሉ አለ። ችግሩም እሱ ነው። ሥዕል ወደ ፎቶግራፍ በተጠጋ ቁጥር ጨለማው ይከብዳል። እንግሊዛዊው ሠዓሊ ኩዌንቲን ብሌክ የልጆች ደራሲውን የሮልድ ዳልን መጻሕፍት እንዴት እንደሳለ እይ። በ1980 የወጣው እርስ በርስ ሲሰቃዩ ስለሚኖሩት ባልና ሚስት የሚተርከው መጽሐፍ ድርጊቱ ብቻውን ቢነገር የሚከብድ ነው። የብሌክ መስመር ግን ፈጣን ነው፣ ይንቀጠቀጣል፣ ቸኩሎ የተሳለ ይመስላል። ዓይን እንዳየው ይህ ዓለም ከብዕር የወጣ መሆኑን ያውቃል። በእርግጥ ጎሪ በደቃቅ መስመሮች ጥቅጥቅ አድርጎ ይስላል፤ ግን ሰዎቹ እንደ አሻንጉሊት ደርቀው የቆሙ ናቸው፣ ፊታቸው ምንም አይናገርም። እሱም ርቀቱን በዚያ ይጠብቃል። ሠዓሊሽ የቱንም መንገድ ይምረጥ፤ ከሁለቱ አንዱ ግን ይኑረው። ወይ መስመሩ ይቅለል፣ ወይ ፊቱ ይድረቅ። ዝርዝሩን እንዳያባክነው ለዕቃዎቹ ያውለው። ምስማሩን፣ መጋዙን፣ የእንጨቱን ጉጥ ፀጉር በፀጉር ይሳል። ልጆች እንዲህ ያለ ገጽ ላይ ሩብ ሰዓት ይቆያሉ።

ስለ ርቀት ካነሳሁ አይቀር፣ አሳዳጊዋን አክስት ማድረግሽ ትክክል ነው። የጀርመን ተረት ሰብሳቢዎቹ የግሪም ወንድማማቾች በ1812 ባሳተሙት የመጀመሪያ ቅጽ ላይ ሐንዘልና ግሬተል የተባሉት ሁለት ልጆች ጫካ እንዲጣሉ የምትወተውተው ወላጅ እናታቸው ናት። በ1840 እትም እንጀራ እናት ሆነች። ለውጡ ትንሽ ይመስላል። ጫካው፣ ረሃቡ፣ ጠንቋይዋ እንዳሉ ናቸው። ልጁ ግን መጽሐፉን ዘግቶ ወደ እናቱ ጭን መመለስ ይችላል። አንቺም ሳታስቢው ይሁን አስበሽው ይህንኑ አድርገሻል። ዘመዶችሽ «እናት አድርጊያት፣ ይበልጥ ልብ ይነካል» ያሉሽን አትስሚ።

ተራኪሽ ላይ ጥቂት ልቆይ፤ ትልቁ ሀብትሽ እዚህ ያለ ይመስለኛል። ዳንኤል ሃንድለር ሌሞኒ ስኒኬት በሚል የብዕር ስም ከ1999 እስከ 2006 በ13 መጻሕፍት ስለ ሦስት ወላጅ አልባ ልጆች ጽፏል። ተራኪው ገና ከመጀመሪያው «ይህን መጽሐፍ ብትተወው ይሻልሃል» ብሎ ያስጠነቅቃል። ከባድ ቃል ሲመጣ ቆም ብሎ ይፈታዋል። መከራው እየባሰ ሲሄድ ተራኪው አንባቢውን አይለቀውም፤ እያወራው አብሮት ይሄዳል። ያንን ድምፅ ገልብጪ አላልኩም። የኛ ቋንቋ ሌላ መሣሪያ አለው፦ አንቱታ። ተራኪሽ አክስትየዋን «አንቱ» እያለ ቢተርክ እስቲ አስቢው። «አክስት ሜትራቸውን አነሱ። ‹ዘንድሮ አራት ጣት ጨምረሻል፤ እንጨት ተወዷል እኮ› አሉና በትካዜ ራሳቸውን ነቀነቁ።» አክብሮቱና ድርጊቱ ሲጋጩ ቀልዱ ያለ ምንም ማብራሪያ ይወጣል። ልጆች ደግሞ አንቱታን ከምንም በፊት ነው የሚያውቁት። ከዚያ የድመቷ ሣጥን ምዕራፍ ላይ ስትደርሺ ተራኪው ለአንዲት ዓረፍተ ነገር ብቻ አንቱታውን ትቶ «እሷ» ቢላት፣ ያ አንድ ቃል የሚሠራውን ሦስት አንቀጽ አይሠራውም።

ማን ይቀጣ የሚለው ላይ ብዙ አልልም፤ ገብቶሻል። ዳል በ1964 ባወጣው የቸኮሌት ፋብሪካ ታሪክ አራት ባለጌ ልጆች ተራ በተራ ዋጋቸውን ያገኛሉ። መጨረሻ ላይ ግን አራቱም በእግራቸው ሲወጡ እናያቸዋለን። አንዱ ቀጥኗል፣ አንዷ ፊቷ ወይን ጠጅ ሆኗል፣ አንዷ ቆሻሻ ተሸክማለች፣ አንዱ ተጎትቶ ረዝሟል። አንባቢው «የት ደረሱ?» ብሎ ሌሊቱን አያድርም። ምዕራፍ 5 ላይ ጉድጓድ የገባው ቀረጥ ሰብሳቢ የት እንደደረሰ አልነገርሽንም። አንድ ሥዕል ጥግ ላይ ጭንቅላቱን ብቅ አድርጊልን፤ ይበቃል።

አሁን የማልደራደርበት ነገር። ምዕራፍ 4 ላይ ልጅቷ ከአክስቷ ለማምለጥ ሣጥን ውስጥ ገብታ ክዳኑን ትዘጋለች። ሌሊቱን እዚያ ታድራለች። ይህ እንዳለ መታተም የለበትም። ድመት ሙጫ ውስጥ መግባቷን ማንም ልጅ አይሞክረውም። ሣጥን ውስጥ መደበቅን ግን ሁሉም ልጅ ይሞክረዋል። በተዘጋ ሣጥን ውስጥ አየር ያልቃል፤ ልጆች በዚህ ሞተዋል፣ ይሞታሉም። ምዕራፉን ግን መጣል አያስፈልግሽም። ልጅቷ የሣጥን ሠሪ ልጅ ሆና ያደገች ናት። ክዳን ከተገጠመ ትንፋሽ እንደማይኖር ከማንም በላይ ታውቃለች። ይህን ትናገረው። ሣጥኑ ታችኛው ጣውላ ያልተመታበት ይሁን፤ አክስትየዋ ምስማር ስላለቀባት። እግሮቿ ወጥተው ትሂድ፣ ሣጥኑ እንደ ኤሊ ይንቀሳቀስ። ሥዕሉም ከበፊቱ ይልቅ ያስቃል። ይህን መስፈርት በሌላውም ገጽ ተጠቀሚበት። ልጅ ነገ ቤቱ ውስጥ ባለ ዕቃ ሊደግመው የሚችለው አደጋ ላይ ተጠንቀቂ፤ ሊደግመው የማይችለው ላይ እንደልብሽ ሁኚ።

ዘመዶችሽን በተመለከተ፣ ስህተት ናቸው አልልም። በቅርብ ሰው የሞተበት ልጅ ይህን መጽሐፍ ዛሬ ላይወደው ይችላል። ስለዚህ የመጀመሪያው ገጽ እውነቱን ይናገር። አሁን ያለው መግቢያ ስለ አበባና ስለ ጠዋት ፀሐይ ነው። ቆርጠሽ ጣይው። በሜትሩ ጀምሪ። ገዢውም ልጁም ምን እንደያዙ በመጀመሪያዎቹ መስመሮች ይወቁ።

እንደገና ስታነቢላቸው «ፈራችሁ?» ብለሽ አትጠይቂ። ልጅ እንዲህ ከተጠየቀ ደፋር ለመምሰል «አልፈራሁም» ይላል። «ቀጥሎ ምን የሚሆን ይመስላችኋል?» በያቸው። ግምት ካላቸው ታሪኩ ውስጥ ናቸው። ትከሻቸውን ነቅንቀው ሌላ ወሬ ከጀመሩ የዚያን ገጽ ሥዕልና ጽሑፍ ጎን ለጎን አስቀምጪና ሁለቱም ጨልመው እንደሆነ እይ።

የመጨረሻው ምዕራፍ ገና እንዳልተጻፈ ነግረሽኛል። መፍቻውን ግን ምዕራፍ 1 ላይ ጽፈሽው አልፈሻል። አክስትየዋ በልደቷ ቀን ትለካታለች፤ ሣጥኑን ለመጨረስ አንድ ዓመት ይፈጅባታል፤ ሲያልቅ ልጅቷ አድጋለች። ዘጠኙም ሣጥኖች ጓዳ ውስጥ ተደርድረዋል፤ አንዱም አይበቃትም። ለ10ኛ ልደቷ ሁሉንም አውጥተሽ ደርድሪያቸው። አክስት ሜትራቸውን ይዘው ከአንዱ ወደ አንዱ ይሂዱ። ጽሑፉ ስለ እንጨት መወደድ ብቻ ያውራ። ሥዕሉ ላይ ልጅቷ ትልቁ ሣጥን ውስጥ ተኝታለች፤ ሁለት እግሮቿ በጫፉ ወጥተዋል፣ ጣቶቿን እያወዛወዘች ነው።